«ኮረንቲ»፣ «ጅረት» እና «ዝግ መስመር»፤ በኤሌክትሪክ ቃላት አፈታት ላይ የቀረበ ማብራሪያ

ከሳይንስ ቃላት ትርጉም ጋር በተያያዘ ለአስተያየት ከቀረቡልን ረቂቆች አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የባቡር ሐዲድ በሚያልፍባቸው ቀበሌዎች ለሚኖረው ሕዝብና በመስመሩ ላይ ለሚሰማሩት የጥገና ሠራተኞች የተዘጋጀ የጥንቃቄ መመሪያ ነበር። የአዘጋጁን ማንነት መጥቀስ አያስፈልግም። ተርጓሚው አማርኛውን አሳምሮ የሚያውቅ፣ የምንጩንም ቋንቋ በሚገባ የተረዳ ሰው እንደ ነበረ ጽሑፉ ይመሰክራል። ሆኖም ከአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ስንደርስ ንባባችንን ለማቆም ተገደድን። ዐረፍተ ነገሩ «ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ማብሪያ ማጥፊያው ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ» የሚል ነው። በምንጩ ቋንቋ ማብሪያ ማጥፊያው «ክፍት» ነው ሲባል የኤሌክትሪኩ መንገድ ተቋርጧል፣ ምንም ነገር አያልፍበትም ማለት ነው። በአማርኛ ግን «ሬዲዮውን ክፈት» የተባለ ሰው ሬዲዮውን ያናግረዋል፤ «ቧንቧውን ክፈት» የተባለም ውሃውን ይለቀዋል። እንግዲህ መመሪያውን በታማኝነት የሚፈጽም ሠራተኛ በመስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ ከለቀቀ በኋላ ወደ ምሰሶው ይወጣል ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን ይኸው ነው። ስለ ሳይንስ ቃላት በሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ቃሉ ከግእዝ ይውጣ ወይስ የውጭው ቃል በትውስት ይግባ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በእኛ አስተያየት የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቃሉ ተናጋሪው አእምሮ ውስጥ ምን ሥዕል ይዞ ይገባል የሚለው ነው። ከላይ በጠቀስነው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድም የውጭ ቃል የለም። ስሕተቱ የተፈጸመው በጠራ አማርኛ ነው።

ለማብራሪያችን የሐራን መስመር ምሳሌ አድርገን እንወስዳለን። ሐራ በሰሜን ወሎ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ አካባቢ የምትገኝ የገበያ ቦታ ስትሆን ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የባቡር መስመር መድረሻው ሐራ ገበያ እንዲሆን ታቅዷል፤ ወደ መቀሌ የሚሄደውም መስመር ከዚያው እንዲነሣ ታስቧል። የመስመሩ ግንባታ ያፒ መርከዚ በተባለው የቱርክ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ሲካሄድ ቆይቶ በኋላ በአካባቢው በደረሰው ጦርነት ተስተጓጉሏል። አዋሽ ላይ የሚገናኘው በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ምድር ባቡር ጋር ነው። ሁለቱም ባቡሩን በኤሌክትሪክ እንዲያስኬዱ የተነደፉ ናቸው፤ የኤሌክትሪኩም ልክ 25,000 ቮልት፣ ዓይነቱም በየጊዜው አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ነው።

ይህ መስመር ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚጠቅመው በቤት ውስጥ የተደበቀውን ነገር በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። በቤታችን ውስጥ ሁለቱ ሽቦዎች ባንድ ገመድ ተሸፍነው ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚታየው አንድ ገመድ ነው። ስለዚህም «መብራት መጣ»፣ «መብራት ሄደ» እንላለን። መጣ ሲባል ከወዲያ ወደዚህ ነው፤ የሚመለስ ነገር ስለ መኖሩ አነጋገራችን አያውቅም። በባቡሩ መስመር ላይ ግን መሄጃው ከራስ በላይ፣ መመለሻው ከእግር በታች ነው። ኤሌክትሪኩ ከማከፋፈያ ጣቢያው ተነሥቶ ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋው ሽቦ ይመጣል፤ ሽቦውን በሚነካው የባቡሩ ክንድ በኩል ወርዶ በውስጡ ባለው ትራንስፎርመር ያልፋል፤ ከዚያም በብረት መንኰራኵሮቹ አድርጎ ወደ ሐዲዱ ይገባል፤ በሐዲዱና ከእርሱ ጋር በተያያዙት መላሽ መስመሮች፣ ከፊሉም በመሬት በኩል፣ ወደ ጣቢያው ይመለሳል። ይህ ዙር አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ በሌላው ቦታ ሁሉ የሚያልፈው ነገር ይቆማል።

አሁን የሚያልፈው ነገር ምንድን ነው ወደሚለው እንምጣ። በብረታ ብረት ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ናቸው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የተወሰነ ኤሌክትሪካዊ ባሕርይ አለው፤ በሳይንሳዊ አማርኛችን «ሙል» የምንለው ይኸንኑ ባሕርይና መጠኑን ነው። በአንድ ቦታ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፈው የሙል መጠን ደግሞ «ጅረት» ይባላል፤ መለኪያውም አምፔር ነው። አንድ አምፔር ማለት በየሰከንዱ 6.24 ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን የሚሆኑ ኤሌክትሮኖች ያልፋሉ ማለት ነው። እንግዲህ ሙልና ጅረት አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ነገርየው ሲሆን ሁለተኛው የማለፉ ልክ ነው። ብዙ የተርጓሚ ስሕተት የሚመነጨው ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው።

«ጅረት» የሚለው ቃል መልካም ቃል ነው። አጭር ነው፤ ሕዝቡ ያውቀዋል፤ ለመርባትም አያስቸግርም። ነገር ግን ከወንዝ የተወሰደ በመሆኑ ከወንዝ የሚመጡ ሦስት ሐሳቦችን ይዞ ይገባል፤ ሦስቱም አሳሳች ናቸው።

የመጀመሪያው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ማብሪያውን እንደ ተጫንን አምፖሉ ስለሚበራ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ጎርፍ የሚከንፉ ይመስለናል። ስፋቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ 5 አምፔር ጅረት ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ ወደ ፊት የሚገፉት በሰከንድ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሰዓት አንድ ሜትር አይሞላም፤ ቀንድ አውጣም ትቀድማቸዋለች። በዚህ አካሄድ ከአዋሽ የተነሣ ኤሌክትሮን ሐራ ለመድረስ 49 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በፍጥነት የሚደርሰው የግፊቱ መልእክት ነው፤ እርሱም ከብርሃን ፍጥነት ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት ስለሚጓዝ ያንኑ ርቀት በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ይጨርሳል። ሽቦው ቀድሞውኑ በኤሌክትሮኖች የተሞላ ነው፤ ማብሪያው ሲጫን ሁሉም በያሉበት ባንድ ጊዜ ያህል መንቀሳቀስ ይጀምራሉ።

ይህም ቢሆን ጅረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሄድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሚጠቀመው እንዲህ ያለውን 750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። በቤታችን ያለውና ለሐራው መስመር የታቀደው ግን በሰከንድ 50 ጊዜ ሄዶ የሚመለስ ተለዋዋጭ ጅረት ነው። በዚህ ጊዜ ከላይ በምሳሌ ባነሣነው ሽቦ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን የሚወዛወዘው ጥቂት ሺኛ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ስፋት ውስጥ ነው፤ የትም አይደርስም። ከግልገል ጊቤ ወይም ከዓባይ ግድብ ተነሥቶ ወልድያ የሚገባ ኤሌክትሮን የለም። የሚመጣው ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ የማለቅ ሐሳብ ነው። በሀብሩ ወንዝ ጠልፎ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ውሃው በቦይ መጥቶ እማሳው ውስጥ እንደሚቀር ያውቃል፤ ከላይ ያለው ብዙ ከወሰደ ከታች ላለው ያንሰዋል፤ ተራ የሚያዘውም ስለዚህ ነው። ለዚህ ሰው «የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ አምፖሉ ይሄዳል» ብንለው አምፖሉ ጅረቱን እንደ ማሳ ጠጥቶት ይቀራል ብሎ ቢያስብ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። እውነቱ ግን ወደ አምፖሉ የገባው ጅረት ሁሉ ሳይጎድል ከአምፖሉ ይወጣል። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ከ220 ቮልት መስመር 16 አምፔር ያህል ይቀበላል፤ ያንኑ 16 አምፔር ይመልሳል። ቆጣሪው የሚቆጥረውና ባለቤቱ የሚከፍልበት ሙሉ አይደለም፤ ሙሉ በመንገዱ ሲያልፍ ምጣዱ ላይ የተወው ኢነርጂ ነው። ምጣዱ «ብዙ ይበላል» ስንል የሚበላው ይህንኑ ነው። መዝገበ ቃላት በጅረት ፍቺ ሥር «ጅረት በመሣሪያው ውስጥ አያልቅም» የሚል አንድ ሐረግ ቢጨምር ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይሻላል።

ሦስተኛው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። የጅረት አቅጣጫ ከአዎንታዊው ወደ አሉታዊው ነው ተብሎ ልማድ የሆነው ስለ ኤሌክትሮን ምንም ከመታወቁ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ቶምሰን ኤሌክትሮንን ሲያገኝ የብረቱ ተጓዥ አሉታዊ ሆኖ ስለ ተገኘ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኑ የሚሄደው ጅረቱ ሄደ ከሚባልበት በተቃራኒ ነው። ይህ የልማድ ጉዳይ እንጂ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ጅረትን «የኤሌክትሮኖች ጉዞ» ብሎ መፍታት ስሕተት ነው፤ በመኪና ባትሪ አሲድ ውስጥ አዎንታዊ ሙል ያላቸውም ቅንጣቶች ስለሚጓዙ ፍቺው «የሙል ፍሰት» መሆን አለበት።

ከዚህ ቀጥለን «ኮረንቲ» ወደሚለው ቃል እንሻገር። ቃሉ «የሚሮጥ፣ የሚፈስ» ከሚለው ከጣልያንኛው «ኮሬንቴ» የመጣ ነው። ስለዚህ በትውልዱ ሲታይ «ኮረንቲ» እና «ጅረት» አንድ ናቸው፤ ብዙ ጸሐፊዎችም በዚህ ምክንያት አንዱን በሌላው ቦታ ይተካሉ። እኛም ቀደም ሲል ይህን አስተያየት እንደግፍ እንደ ነበረ አንሸሽግም። ይሁን እንጂ አንድ ቃል ከመጣበት ቤት ይልቅ የሚኖርበት ቤት ይወስነዋል። ሕዝቡ «ሽቦው ኮረንቲ አለው» ሲል በሽቦው ውስጥ የሙል ፍሰት አለ ማለቱ አይደለም። ቢነኩት ይይዛል፣ ይገድላል ማለቱ ነው። «ኮረንቲ ያዘው»፣ «ኮረንቲ ነዘረው» የሚባሉትም ከዚሁ ይወለዳሉ። በፊዚክስ አነጋገር እንናገር ካልን ሕዝቡ «ኮረንቲ አለው» የሚለው ቮልቴጅ ላለበት ነገር ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ወደ ሐራው መስመር እንመለስ። መስመሩ በ25,000 ቮልት ተሞልቶ ሳለ በላዩ አንድም ባቡር ባይኖር ዙሩ ስላልተሟላ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የፊዚክስ መምህር «ጅረት የለም» ቢል አልዋሸም። ባቡር መጥቶ 5 ሚሊዮን ዋት ቢወስድ 200 አምፔር ያልፋል፤ ባቡሩ ሲርቅ ደግሞ ተመልሶ ባዶ ይሆናል። አደጋው ግን በሁለቱም ሰዓት አንድ ነው። ሽቦውን ሳይነካ በቅርበት ብቻ፣ ወይም ረጅም ብረት ወደ እርሱ በማንሣት፣ ሰው ራሱን የዙሩ አካል ሊያደርግ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጅረቱ በእርሱ ውስጥ ይጀምራል። በሽቦ ላይ ያረፈች ወፍ ምንም የማትሆነው ሁለቱም እግሮቿ ባንድ ሽቦ ላይ በመሆናቸው ነው፤ የሐራ ልጅ ግን እግሩ በመሬት ላይ፣ ወይም በቆመ ፉርጎ ጣራ ላይ ነው።

ከላይ ያነሣነው ረቂቅ ለሕዝቡ በተጻፈው ክፍሉ «ሽቦው ኮረንቲ በሚያስተላልፍበት ጊዜ አትቅረቡ» ይላል። ይህን ያነበበ እረኛ ባቡር በሌለ ጊዜ መቅረብ እንደሚቻል ቢረዳ ምን ይደንቃል? «ሽቦው ምን ጊዜም ኮረንቲ አለው፤ አትቅረቡ» ቢባል ግን የሕዝቡ ቃል በሕዝቡ ትርጉም ሥራውን ይሠራ ነበር። በዚህ ምክንያት «ኮረንቲ» ለተራው አነጋገርና ለማስጠንቀቂያ፣ «ጅረት» ለሳይንሱ ጽንሰ ሐሳብ እንዲቀር፣ መዝገበ ቃላቱም ሁለቱን በአንድ ፍቺ እንዳያስር እንመክራለን። የቴክኒክ ሠራተኞች «ኮረንቲ»ን ለጅረትም እንደሚሉት እናውቃለን፤ ያም በሁለተኛ ፍቺነት ይመዝገብ።

«ቮልቴጅ»ን በአማርኛ ለመተካት ብዙ ሐሳብ ይቀርባል። «ግፊት» ለማስተማር ይረዳል፤ ነገር ግን ግፊት በአንድ ቦታ ያለ ነገር ሲመስል ቮልቴጅ ሁልጊዜ በሁለት ቦታዎች መካከል ያለ ልዩነት ነው። ወፏን የሚያድናትም ይኸው ነው። ስለዚህ ትውስቱ ይቆይ እንላለን። «ከፍተኛ ኃይል» የሚለው የተለመደ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ «ኃይል» በመጻሕፍታችን ለሦስት የተለያዩ የፊዚክስ ጽንሰ ሐሳቦች ሲያገለግል ስለሚታይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይጠይቃል። የሚገርመው ሕዝቡ በዚህ አለመቸገሩ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆኖ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ስሙ ሁሉ ቢለወጥም አገሩ ዛሬም «መብራት ኃይል» ይለዋል።

«ሙል» ከ«ሞላ» የወጣ ነው። የአውሮፓው ቃል መነሻው ጭነት በመሆኑ የእኛው ከእርሱ አያንስም። ሆኖም ሙላት ሲባል ዕቃና በውስጡ የገባ ነገር ይታሰባል፤ «አሉታዊ ሙል» ሲባልም ሰሚው «ጎዶሎ ሙላት» መስሎት ግራ ይጋባል። አዎንታዊና አሉታዊ የሚሉት ስሞች በ18ኛው ምዕተ ዓመት በፍራንክሊን ዘመን የተሰጡ ሲሆን የመብዛትና የማነስ ሐሳብ ያን ጊዜ ነበረባቸው፤ ዛሬ ግን የሁለት ዓይነት ሙሎች መለያ ብቻ ናቸው። ፍቺውም ይህን ብቻ ይናገር።

ከሁሉ የከፋው «ቻርጅ» በስልክና በባትሪ በኩል የገባው ነው። «ስልኬ ቻርጅ አለቀበት» የሚል ሰው በስልኩ ውስጥ ሙል ተከማችቶ የነበረ ይመስለዋል። የተሞላ ባትሪና ያለቀ ባትሪ የያዙት ጠቅላላ ሙል እኩል ነው፤ የተለወጠው በውስጡ ያለው የኬሚካሉ ሁኔታ፣ የቀነሰውም ኢነርጂ ነው። እንዲህ ስንል ሕዝቡ ይታረም ማለታችን አይደለም። በዕለት አነጋገር «ቻርጅ» ማለት በባትሪ የተጠራቀመ ኢነርጂ ነው፤ በፊዚክስ ከሆነ «ሙል» ነው፤ ሁለቱ በተለያዩ ቃላት መነገራቸው እንዲያውም እንደ ዕድል ሊቆጠር ይገባዋል፤ እንግሊዝኛ ይህ ዕድል የለውም። የቀድሞው አነጋገራችን ደግሞ ከዚህ ሁሉ የጸዳ ነበር። የእጅ መብራቱን «ባትሪ»፣ በውስጡ የሚገባውን «ድንጋይ» አልነው፤ «ድንጋዩ አለቀ» ሲባልም ስለ ሙል የተነገረ ሐሰት የለም።

«ሰርኪዩት»ን በ«ዑደት» መተካት የሚፈልጉ አሉ። ቃሉ ያምራል፤ ግን ተለዋዋጭ ጅረት በሰከንድ 50 ዑደት አለው ስለምንል አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱ ይጋጫሉ። «ዙር» ለማስተማሪያ፣ «ሰርኪዩት» ለሙያው ይሁኑ። ወደ ተነሣንበት ስንመለስ «ዝግ ሰርኪዩት» እና «ክፍት ሰርኪዩት» የሚሉት ትርጉሞች ከአማርኛ መውጣት አለባቸው ብለን እናምናለን። ምንጩ በር አይደለም፤ ቀለበት ነው፤ ቀለበት ሲዘጋ ይሟላል። የእኛ «ዝጋ» ግን የበርና የቧንቧ ነው። በእነርሱ ፋንታ «የተሟላ ሰርኪዩት» እና «የተቆረጠ ሰርኪዩት» ብንል ማንም አይሳሳትም።

አምፔርን በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። አንድ ሜትር በተራራቁ ሁለት ትይዩ ሽቦዎች መካከል ባለው ኃይል የተሰጠው የቀድሞው ፍቺ ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ተሽሯል፤ አሁን አምፔር የሚወሰነው የአንድ ኤሌክትሮን ሙል መጠን በቁጥር ተቆርጦ በመደንገጉ ነው። ከዚያ በፊት የታተሙ መዝገበ ቃላት በሚታደሱበት ጊዜ ይህ ይታረም።

ለሚዘጋጀው እትም የምናቀርባቸው ፍቺዎች የሚከተሉት ናቸው። ሙል፦ ቁስ አካል በኤሌክትሪካዊ ኃይል እንዲሳብ ወይም እንዲገፋ የሚያደርገው ባሕርይ፤ ሁለት ዓይነት ሲሆን መለኪያው ኩሎምብ ነው። ጅረት፦ በአንድ ቦታ በአንድ ሰከንድ የሚያልፍ የሙል ፍሰት መጠን፤ በመሣሪያ ውስጥ አያልቅም። ኮረንቲ፦ 1. (በተለምዶ) ሽቦ ወይም ዕቃ ሲነኩት የሚነዝር፣ የሚገድል መሆኑ፤ ኤሌክትሪክ። 2. (በሙያ አነጋገር) ጅረት። መላሽ መስመር፦ ጅረት ወደ ምንጩ የሚመለስበት ሽቦ፣ ሐዲድ ወይም መሬት። የተቆረጠ ሰርኪዩት፦ ዙሩ ባለመሟላቱ ጅረት የማያልፍበት፤ ኮረንቲ ግን ሊኖረው የሚችል።

ረቂቁንም ለባለቤቱ የመለስነው ያንን ዐረፍተ ነገር እንዲህ አርመን ነው፦ «ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ማብሪያ ማጥፊያው መጥፋቱን፣ መስመሩ ከምንጩ መቆረጡንና ከመሬት ጋር መያያዙን ያረጋግጡ፤ እስከዚያ ድረስ ሽቦው ኮረንቲ አለው።»